የመጨረሻዋ ማይል የማን ናት? የሞኖንጋሂላ ሸለቆ ባቡሮች ታሪክና የዛሬው የውህደት ክርክር

ጁላይ 2025 ላይ ከአሜሪካ አንድ ትልቅ ዜና ወጣ። ዩኒየን ፓሲፊክ የተባለው ምድር ባቡር ኖርፎክ ሳውዘርንን ለመጠቅለል ተስማማ። ስምምነቱ ዕዳውን ጨምሮ ኖርፎክ ሳውዘርንን 85 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ከተሳካ በአሜሪካ ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ የሚዘረጋ፣ የአንድ ኩባንያ የሆነ የመጀመሪያው የጭነት ባቡር መረብ ይሆናል። ወሬው ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። ካርታው ተዘረጋ፣ ቀስቶች ተሳሉ፣ "ከዳር እስከ ዳር" ተባለ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ዜና መጣ። ይኼኛው ብዙም አልተወራለትም። ኤፍ.ቲ.ኤ.አይ. ኢንፍራስትራክቸር የሚባል ኩባንያ ዊሊንግና ሌክ ኢሪ የተባለውን ክልላዊ ባቡር በ1.05 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገዛ አስታወቀ። ይኸው ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ በፒትስበርግ አቅራቢያ ያለችውን ዩኒየን ሬይልሮድ የተባለች ትንሽ ባቡር በእጁ አድርጓል። (የስሙ መመሳሰል እንዳያምታታ፤ ከዩኒየን ፓሲፊክ ጋር ዝምድና የላትም።) የዩኒየን ሬይልሮድ ዋና ደንበኛ የብረት አምራቹ ዩ.ኤስ. ስቲል ነው። ዩ.ኤስ. ስቲልን ደግሞ ከነዚህ ዜናዎች ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ጁን 2025 ላይ፣ የጃፓኑ ኒፖን ስቲል ጠቅልሎታል።

በአንድ በጋ ሦስት ግዢ ማለት ነው። ሦስቱም አንድ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገናኛሉ፤ የሞኖንጋሂላ ወንዝ ሸለቆ። የአገሩ ሰው አሳጥሮ "ሞን" ይለዋል። የዚህን ሸለቆ የባቡር ታሪክ ያየ ሰው፣ በውህደቱ ክርክር ውስጥ ሲደጋገም የሚሰማው ጥያቄ ትንሽ የተንሸራተተ ሆኖ ያገኘዋል። "ባቡሩ ምን ያህል ትልቅ ይሁን?" ነው የሚባለው። ሸለቆው ግን ከ150 ዓመት ወዲህ የሚጣላው በሌላ ነገር ነው። ከፋብሪካው በር እስከ ትልቁ ሐዲድ ያለችውን አጭር መንገድ የያዘው ማን ነው? (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸለቆው ለምን ባቡር በባቡር ሆነ?

ሞኖንጋሂላ ከዌስት ቨርጂኒያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ፒትስበርግ ላይ ከአሌጌኒ ጋር ይገጥምና ኦሃዮ ወንዝ ይሆናል። ግራና ቀኙ ተራራ ነው። ከውኃው ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ያለው ሜዳ ቀጭን ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ የለም። ፋብሪካውም፣ ሐዲዱም፣ መንገዱም፣ ቤቱም የተሻሙት በዚችው ቅንጣቢ መሬት ላይ ነው።

ተራራው ውስጥ ደግሞ የድንጋይ ከሰል አለ። የፒትስበርግ ንብርብር ይሉታል። ከፒትስበርግ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮኔልስቪል አካባቢ ያለው ከሰል በተለይ ለኮክ ተስማሚ ሆነ። ኮክ ሲባል የምንበላው ፍሬ አይደለም። ከሰሉ አየር በሌለበት ወይም በጣም ባነሰበት ምድጃ ሲጋገር ጋዙና ሬንጁ ይወጣለትና ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ነዳጅ ይቀራል። ኮክ እሱ ነው። የብረት ማዕድን ያለ ኮክ በትልቁ ማቅለጫ ምድጃ አይቀልጥም።

እዚህ ጋ ሒሳቡን ማየት ጥሩ ነው። አንድ ቶን ብረት ለማውጣት ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ማዕድን፣ ግማሽ ቶን ገደማ ኮክ፣ ላዩ ላይ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚህም ይበልጥ ነበር። አንድ ቶን የሚሸጥ ብረት ለማግኘት ብዙ ቶን የማይሸጥ ነገር መጎተት የግድ ነው። ስለዚህ የብረት ፋብሪካ ባለቤት ዋና ራስ ምታቱ እሳቱ ሳይሆን ማጓጓዣው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የባቡር ታሪፍ በትንሽ ሳንቲም ሲጨምር ትርፉ በቶን ቁጥር ይሸረሸራል።

አንድሪው ካርኔጊ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ብረት ሠሪ ከመሆኑ በፊት የባቡር ሰው ነበር። ከ1853 እስከ 1865 ለፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር ሠርቷል፤ ከቴሌግራፍ ሠራተኝነት ተነስቶ የክፍሉ ኃላፊ እስከ መሆን ደርሷል። በ1875 ብራዶክ ላይ ፋብሪካ ሲከፍት ቦታውን የመረጠው አንድ ወንዝና ከአንድ በላይ ባቡር በአንድ ላይ ስለሚያገኝበት ነው። ስሙንም በፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር ፕሬዚዳንት ስም "ኤድጋር ቶምሰን" አለው። ፋብሪካው መጀመሪያ የሠራው ሐዲድ ነው፤ የመጀመሪያው ገዢም ያው ምድር ባቡር ነበር። ደንበኛን እንዲህ ነው የሚያሞካሹት። ሙገሳው ግን ብዙ አልቆየም።

መጀመሪያ ቃላቱን እንለይ

በአሜሪካ የጭነት ባቡሮች በገቢ ይመደባሉ። አንደኛው መደብ የሚባሉት ግዙፎቹ ናቸው። በ2023 ካናዲያን ፓሲፊክና ካንሳስ ሲቲ ሳውዘርን ከተዋሃዱ ወዲህ ስድስት ብቻ ቀርተዋል። ከነሱ ዝቅ የሚሉት ክልላዊ ባቡሮች ይባላሉ፤ ዊሊንግና ሌክ ኢሪ አንዱ ነው። ከዚያ በታች "ሾርት ላይን" ማለትም አጭር መስመር የሚባሉት አሉ። ክልላዊዎቹንም አብሮ ሲቆጥር ቁጥራቸው 600 ገደማ ይሆናል።

ከአጭር መስመሮቹ ውስጥ ደግሞ ሥራቸው ርቀት ሄዶ መምጣት ሳይሆን ማቀባበል የሆነ አለ። ፉርጎ ከፋብሪካ ይረከባሉ፣ ለትልቁ ባቡር ያስረክባሉ፤ ባዶውን ይመልሳሉ። ይህ የፉርጎ ቅብብል ርክክብ ይባላል። አንድ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ በክፍያ የማለፍ መብትም አለ። ይህን መብት ያለው ኩባንያ ሐዲድ ሳይኖረው ደንበኛ ሊኖረው ይችላል። የሌለው ደግሞ ከደንበኛው በር 500 ሜትር ርቆ ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አይችልም። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ የቀረው ታሪክ የሚዞረው እሱ ላይ ነው።

የታሪፍ ጦርነት

ፔንሲልቬንያ ምድር ባቡር በ1846 ተቋቋመ፤ በ1852 ሐዲዱ ፒትስበርግን ከፊላደልፊያ ጋር አገናኘ። ከተማዋ ደስ አላት። ደስታው ግን ሳይቆይ ወደ ምሬት ዞረ፤ ባቡሩ ይህ ነው የሚባል ተፎካካሪ ስላልነበረው ዋጋ ቆራጩ ራሱ ነበር። ከቺካጎ ለሚመጣ ጭነት ተፎካካሪ ስላለ ዋጋ ይቀንሳል፤ ከፒትስበርግ ለሚነሳው፣ መንገዱ አጭር ሆኖ ሳለ፣ ያስወድዳል። አጭሩን መንገድ ከረዥሙ አስበልጦ የማስከፈል አሠራር በመላ አገሪቱ ቁጣ ስላስነሳ በ1887 የወጣው የክልሎች ንግድ ሕግ ለይቶ ከልክሎታል።

የምሬቱ ጥልቀት በጁላይ 1877 ታየ። በደመወዝ ቅነሳ የተቆጡ የባቡር ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የፒትስበርግ ሚሊሻ በጎረቤቱ ላይ ለመተኮስ ስላልፈለገ ከፊላደልፊያ ሌላ ተላከ። እሱ ተኮሰ፤ 20 ያህል ሰው ሞተ። ሕዝቡ በምላሹ የባቡሩን ግቢ አቃጠለ። ከ100 በላይ ሎኮሞቲቭና ከ1,000 በላይ ፉርጎ በአንድ ሌሊትና በአንድ ቀን ነደደ። በሰልፉ የነበሩት የባቡር ሠራተኞች ብቻ አልነበሩም። ነጋዴውም ለባቡሩ አላዘነለትም።

በዚህ መሀል ሌላ ሐዲድ እየተሠራ ነበር። በ1875 የተቋቋመው ፒትስበርግና ሌክ ኢሪ በ1879 ሥራ ጀመረ። ከፒትስበርግ ወደ ያንግስታውን የሚሄድ አጭር መስመር ነው። በዚያ ጫፍ ከቫንደርቢልት ቤተሰብ መረብ ጋር ይገናኛል፤ የፔንሲልቬንያ ዋና ባላንጣ እነሱ ነበሩ። በ1883 ደግሞ በመኪስፖርት በኩል ወደ ኮክ አገር የሚወስደው ቅጥያ ተከፈተ። ርዝመቱ ትንሽ፣ የሚጭነው ቶን ግን ከቁመቱ ጋር የማይመጣጠን ስለሆነ "ትንሹ ግዙፍ" የሚል ቅጽል ወጣለት። ሸለቆው አማራጭ አገኘ።

ሁሉም ሙከራ ግን እንዲህ አልተሳካም። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ቫንደርቢልትና፣ ካርኔጊን ጨምሮ፣ የፒትስበርግ ባለሀብቶች ሳውዝ ፔንሲልቬንያ የሚባል አዲስ መስመር በተራራው ውስጥ ጀመሩ። ዋሻ ተቆፈረ፣ ገንዘብ ፈሰሰ፣ ሰው ሞተ። በ1885 የባንክ ባለቤቱ ጄ.ፒ. ሞርጋን የፔንሲልቬንያንና የቫንደርቢልትን ባቡሮች አለቆች ኮርሴር በምትባል የግል መርከቡ ላይ ሰብስቦ አስታረቃቸው። እርቁ የተፈጸመው በአዲሱ መስመር ኪሳራ ነው። ሥራው ቆመ። ዋሻዎቹ ከ50 ዓመት በላይ ጨለማ ውስጥ ውኃ እያቆሩ ቆይተው ብዙዎቹ በ1940 ለተከፈተው የፔንሲልቬንያ የመኪና ፈጣን መንገድ ዋሉ። ባቡርን ለመፎካከር የተቆፈረ ዋሻ በመጨረሻ ለባቡሩ ዋና ጠላት ለጭነት መኪና ሆነ። ታሪክ አንዳንዴ ይቀልዳል።

ካርኔጊ ከዚህ የተማረው አንድ ነገር ይመስላል፤ ተፎካካሪ ባቡር በሌላ ሰው እጅ ካለ ሊታረቅብህ ይችላል። ስለዚህ የራሱን ያዘ። በ1890ዎቹ ከኢሪ ሐይቅ ዳር ወደ ደቡብ የሚመጣውን ደካማ መስመር ተቆጣጠረና አደሰው፣ በ1897ም ወደ ፋብሪካዎቹ አደረሰው። ይህ መስመር በኋላ ቤሴመርና ሌክ ኢሪ ተባለ። ከሚኒሶታ በመርከብ የመጣ የብረት ማዕድን ኮንያት ወደብ ላይ ይጫናል፤ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። ፉርጎው ሲመለስ ከሰል ይጭናል። ባዶ የሚሄድ የለም ማለት ይቻላል። ገና ሐዲዱ ሳያልቅ ወሬው ብቻ ፔንሲልቬንያ ምድር ባቡርን ለካርኔጊ ታሪፍ አስቀንሶታል። ለመደራደሪያነት ብቻ ቢሆን እንኳ ሐዲዱ ዋጋውን አውጥቷል።

ከባቡሩ ታሪፍ ጋር የተያያዘ አንድ እንግዳ ነገርም ነበር። "ፒትስበርግ ፕላስ" ይባላል። በዚህ አሠራር ቺካጎ ውስጥ ከቺካጎ ፋብሪካ ብረት የሚገዛ ሰው የፒትስበርግን ዋጋ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ከፒትስበርግ እስከ ቺካጎ የሚያስወጣውን የባቡር ኪራይ ይጨምራል። ብረቱ ግን ከሰፈሩ አልወጣም። ላልተጓጓዘ ጭነት የማጓጓዣ ክፍያ ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ1924 አስቆመው።

ፈሳሽ ብረት የሚጭን ባቡር

የሸለቆውን ትንንሽ ባቡሮች ከሌላው አገር አጭር መስመር የሚለያቸው ከፋብሪካው ጋር ያላቸው ቁርኝት ነው። ዩኒየን ሬይልሮድ በ1890ዎቹ የተቋቋመችው የካርኔጊን ፋብሪካዎች እርስ በርስ ለማገናኘት ነው። በ1901 ካርኔጊ ሁሉንም ሸጦ ዩ.ኤስ. ስቲል ሲመሠረት አብራ ተላለፈች። ዋና መስመሯ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የግቢና የመቆሚያ ሐዲዷ ግን ከዋናው መስመር በሦስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ይህ ቁጥር ብቻውን ሥራዋን ይናገራል፤ ከመሄድ ይልቅ መደርደር፣ መለየት፣ ማቀባበል ይበዛዋል።

አንዱን ጉዞ ቀረብ ብለን እንይ። ራንኪን ላይ፣ በወንዙ ሰሜን ዳር፣ ኬሪ የሚባሉ ማቅለጫ ምድጃዎች ነበሩ። ሆምስቴድ ላይ፣ በደቡቡ ዳር፣ ብረቱን ወደ ስቲል የሚለውጠውና የሚዳምጠው ፋብሪካ ነበር። መሀላቸው ውኃ ነው። የቀለጠው ብረት ቢቀዘቅዝ እንደገና ማቅለጥ ሊመጣ ነው፤ ያ ደግሞ ነዳጅ ነው፣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በድልድይ ላይ እንደ ፈሳሽ ያሻግሩታል። ከምድጃው ሥር የወጣው ብረት ውስጡ በእሳት ጡብ በተለበጠ ማሰሮ መሰል ፉርጎ ውስጥ ይፈሳል። ሙቀቱ 1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ሎኮሞቲቩ ዝግ ብሎ ይጎትታል፤ እንዳይፈስ መፍጠን አይችልም፣ እንዳይቀዘቅዝ መዘግየትም አይችልም። ማዶ ሲደርስ ይገለበጣል፤ ባዶው ለሚቀጥለው ይመለሳል። ይህ ሌት ተቀን ነው። አንድ ፉርጎ ከሐዲዱ ቢወጣ ምድጃውም ፋብሪካውም ይጨናነቃሉ።

የሆምስቴድ ጎረቤት ጆንስና ላክሊንም እንዲሁ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ የራሱ ድልድይና ሞኖንጋሂላ ኮኔክቲንግ የምትባል የራሱ ባቡር ነበረው። እንዲህ ያለች ባቡር ከማጓጓዣ ድርጅት ይልቅ ለፋብሪካ ቧንቧ ትቀርባለች። ትልቁ ባቡር ይህን ሥራ አይፈልገውም፤ ርቀቱ አጭር፣ ሰዓቱ ጥብቅ፣ ጣጣው ብዙ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ያለሱ አንድ ቀን አያድርም።

ዛሬም ይህ አልቀረም፤ መልኩ ነው የተለወጠው። ክሌርተን ላይ የተጋገረው ኮክ በዩኒየን ሬይልሮድ ወደ ብራዶክ ይሄዳል። ኤድጋር ቶምሰን፣ ከ150 ዓመት በኋላም እየሠራ ያለው ያው ፋብሪካ፣ ብረቱን አውጥቶ ወፍራም ጠፍጣፋ ጥፍጥፍ ያደርገዋል። ጥፍጥፉ በዚያው ባቡር ኮረብታው ላይ ወዳለው ኧርቪን ይወጣል፤ እዚያ ተድጦ ስስ ቆርቆሮ ይሆናል። ማዕድኑም የሚገባው በዚህችው ባቡር ነው። የካርኔጊን የሐይቅ መስመር ዛሬ የካናዳው ሲ.ኤን. ይዞታል፤ ኖርዝ ቤሴመር ላይ ለዩኒየን ያስረክባል። በሦስቱ ፋብሪካዎች መካከል አማራጭ የሌለው አንድ ክር አለ ማለት ነው።

ወንዙ የራሱን ሲያስመልስ

የባቡር ታሪክ ሲጻፍ ወንዙ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ስህተት ነው። ሞኖንጋሂላ ላይ ከ1840ዎቹ ጀምሮ የመርከብ መወጣጫ በሮች ተሠርተው ነበር። ባቡር ሲመጣ ወንዙ አልሞተም። እንዲያውም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከባቡር ትልቅ ሥራ ነጠቀ።

መጀመሪያ ላይ ኮክ የሚጋገረው ከማዕድኑ አጠገብ ነበር፤ ኮኔልስቪል አካባቢ በረድፍ በተሠሩ ቀፎ መሰል ምድጃዎች። ጋዙ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። የተጋገረውን ኮክ ወደ ፋብሪካ የሚያደርሰው ባቡር ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዩ.ኤስ. ስቲል ክሌርተን ላይ አዲስ ዓይነት ምድጃ ተከለ። ይሄኛው ጋዙን፣ ሬንጁንና አሞኒያውን ይይዛል፤ ጋዙ ለፋብሪካው ማገዶ ይሆናል። ጋዙ ጥቅም ካለው መጋገሪያው ከፋብሪካው አጠገብ መሆን አለበት። ስለዚህ የሚጓዘው ኮኩ ሳይሆን ጥሬ ከሰሉ ሆነ። ጥሬ ከሰል ደግሞ አይሰበርም፣ አይቸኩልም። ባርጅ በሚባሉ ትልልቅ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ተጭኖ በወንዙ ይመጣል። ዛሬም ለክሌርተን ከሰሉ በብዛት የሚደርሰው በውኃ ነው።

የኮኔልስቪል ቀፎዎች ቀስ በቀስ ጠፉ። ለነሱ ተብለው የተዘረጉት ቅርንጫፍ ሐዲዶችም ሥራ አጡ። ይህ የሆነው ብረቱ ከመውደቁ ከ50 ዓመት በፊት ነው። የሸለቆው ባቡር ጠንቅ የብረቱ ውድቀት ብቻ ነው የሚለው ትረካ ከዚህ ጋ ይሰነጠቃል።

ለምን ወደቁ? ሦስት መልሶች

አንደኛው መልስ ደንበኛው ሞተ ይላል። ለዚህ ማስረጃው ከባድ ነው። ጆንስና ላክሊን ፒትስበርግ ውስጥ የነበሩትን ኢላይዛ ምድጃዎች በ1979 አጠፋ። ዱኬን በ1984 ተዘጋ፣ ሆምስቴድ በ1986፣ የመኪስፖርት የቧንቧ ፋብሪካ በ1987። በአሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ። የድሮ መሣሪያ፣ ከውጭ የሚገባ ብረት፣ ውራጅ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡ ትንንሽ ፋብሪካዎች፣ የተወደደ ዶላር፤ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። ለፈሳሽ ብረት የተሠራ ባቡር ብረት ከሌለ ሌላ የሚጭነው የለውም።

ሁለተኛው መልስ ባቡሮቹ ራሳቸውን ገደሉ ይላል። ሁለቱ የዘመናት ባላንጣዎች፣ ፔንሲልቬንያና የቫንደርቢልቶቹ ኒው ዮርክ ሴንትራል፣ በ1968 ተዋሃዱና ፔን ሴንትራል ሆኑ። በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ፣ ጁን 1970 ላይ ከሰሩ። በወቅቱ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ ኪሳራ ነበር። የኮምፒውተር ሥርዓታቸው አይግባባም፣ አለቆቹ አይግባቡም፣ ፉርጎ ይጠፋል። መንግሥት በ1976 ኮንሬይልን አቋቁሞ ቅሪቱን ሰበሰበ። የሚገርመው ፒትስበርግና ሌክ ኢሪ ነው፤ ባለአክሲዮኑ ፔን ሴንትራል ሲከስር እሱ ጤነኛ ነበር። ወደ ኮንሬይል አልገባም፣ ለብቻው ወጣ። ያን ጊዜ ነጻነቱ እንደ ድል ታየ። ብረቱ ሲወድቅ ግን ብቻውን ቀረ። በ1987 ንብረቱን ለአንድ ትንሽ ኩባንያ ለመሸጥ ሲሞክር ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1989 ፍርዱ በአመዛኙ ለባቡሩ ተሰጠ። ፍርዱ ግን ባቡሩን አላዳነውም። በ1992 ከግዙፎቹ ባቡሮች አንዱ የሆነው ሲ.ኤስ.ኤክስ. ወሰደው።

ሦስተኛው መልስ ሕጉን ይወቅሳል። እስከ 1980 ድረስ ባቡር ዋጋ ለመለወጥም የማያዋጣ መስመር ለመዝጋትም ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ጭነት መኪና በመንግሥት በተሠራ መንገድ ሲሮጥ ባቡር ፋይል ይዞ ይቆማል። በ1980 የወጣው የስታገርስ ሕግ ይህን ፈታ። ግዙፎቹ የማያዋጧቸውን ቅርንጫፎች ሸጡ፤ ብዙዎቹን ትንንሽ ኩባንያዎች ገዙ። የዛሬው ዊሊንግና ሌክ ኢሪም በ1990 የተወለደው ኖርፎክ ሳውዘርን ካስተላለፋቸው መስመሮች ነው።

የትኛው ልክ ነው? ለሸለቆው የመጀመሪያው ይበልጥ ይመዝናል ብል አልሳሳትም። ሕጉ ቀደም ብሎ ቢለቀቅ እንኳ ሆምስቴድ አይከፈትም ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው የሚያስረዱት ሌላ ነገር ነው፤ ሐዲዱ ከወደቀ በኋላ ማን እንዳነሳው።

ካነሱት አንዱ ብስክሌተኛ ነው። ከከምበርላንድ እስከ ፒትስበርግ ያለው 150 ማይል የብስክሌትና የእግር መንገድ በአብዛኛው የተሠራው በዌስተርን ሜሪላንድና በፒትስበርግና ሌክ ኢሪ የቀድሞ ሐዲድ ላይ ነው። የመጨረሻው ቁራጭ በ2013 ተገጠመ። ፈሳሽ ብረት ይሻገርበት የነበረው የጆንስና ላክሊን ድልድይም ዛሬ መኪና፣ እግረኛና ብስክሌት ያሳልፋል። የሆምስቴድ ፋብሪካ ቦታ የገበያ ማዕከል ሆኗል።

ወደ ውህደቱ እንመለስ

የዩኒየን ፓሲፊክ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል ነው። ዛሬ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ፉርጎ መሀል ላይ፣ ለምሳሌ ቺካጎ፣ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ይረከባል። ርክክቡ ቀናት ይበላል። ባቡሩ አንድ ከሆነ ርክክቡ ይቀራል፣ ጭነት ከመኪና ወደ ሐዲድ ይመለሳል። ትልቁ የባቡር ሠራተኞች ማኅበርም የሥራ ዋስትና ቃል ከተገባለት በኋላ ደግፎታል።

ተቃዋሚዎቹ ግዙፎቹ ጥቂት በሆኑ ቁጥር አምራቹ የመደራደር አቅም ያጣል ይላሉ። የኬሚካል አምራቾች በዚህ በኩል ጎላ ብለው ተሰምተዋል። ያለፉት ውህደቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎት ማናጋታቸውንም ያነሳሉ፤ ፔን ሴንትራልን ለማስታወስ እንኳ አይቸገሩም። የሚወስነው የምድር ትራንስፖርት ቦርድ በ2001 ያወጣው ደንብ ጠበቅ ያለ ነው። በዚያ ደንብ መሠረት ውህደቱ ውድድርን አለመጉዳቱ ብቻ አይበቃም፤ ማሻሻሉን ማሳየት አለበት።

ሁለቱም ወገን ስለ ረዥሙ መንገድ ነው የሚያወራው። ከሸለቆው ሲታይ ግን ሌላ ምሳሌ ይታወሳል። ኮንሬይል በ1999 ሲከፋፈል 58 በመቶው ለኖርፎክ ሳውዘርን፣ 42 በመቶው ለሲ.ኤስ.ኤክስ. ደረሰ። በሞኖንጋሂላ ደቡብ ያሉትን የከሰል ማዕድኖች የሚያገለግለው የቀድሞው ሞኖንጋሂላ ሬይልዌይ ለኖርፎክ ሳውዘርን ወጣ። ሲ.ኤስ.ኤክስ. ግን በዚያው ሐዲድ ላይ እኩል የመግባት መብት ተሰጠው። ሐዲዱ የአንድ፣ ደንበኛው የሁለት ሆነ። የባቡሩ ባለቤት ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ ማዕድኑ ሁለት ባቡር ነው የሚያነጋግረው። ካርኔጊ በሚሊዮኖች ሐዲድ ዘርግቶ ያገኘውን የመደራደር አቅም እዚህ አንድ የውል አንቀጽ ሰጠ። ስለዚህ ከውህደቱ ሰነድ ውስጥ ካርታው ሳይሆን እንዲህ ያሉት አንቀጾች ናቸው በደንብ መነበብ ያለባቸው። ነባሮቹ መብቶች ይቀጥላሉ? አዲስ ይጨመራል? ዋጋውስ በምን ይሰላል?

የኤፍ.ቲ.ኤ.አይ. ግዢ ትርጉም የሚያገኘውም በዚሁ መነጽር ነው። ዩኒየን ሬይልሮድ ለብቻዋ የፋብሪካ ቧንቧ ናት። ዊሊንግ ደግሞ ከኦሃዮ ተነስቶ እስከ ኮኔልስቪል የሚደርስ፣ ከአንድ በላይ ግዙፍ ባቡር ጋር የሚገናኝ ክልላዊ መስመር ነው። ሁለቱ በአንድ እጅ ሲሆኑ ከፋብሪካው በር የወጣ ፉርጎ ለማን እንደሚሰጥ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ሩቅ አይሄድም፤ ግን መስቀለኛ መንገዱን ይይዛል። ሌላውም ጎን አለ። የፋብሪካው ባለቤት ድሮ ባቡሩም የራሱ ነበር። ዛሬ ባቡሩ የሌላ ነው። ዩ.ኤስ. ስቲል ዩኒየንን ጨምሮ ትራንስታር የተባለውን የባቡሮች ስብስብ በ2021 በ640 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ለካርኔጊ ቁም ነገር የነበረውን ነገር ወደ ጥሬ ገንዘብ ለወጠው።

ሥጋቱ የሚመጣው ከአንድ ደንበኛ ጥገኝነት ነው። ኒፖን ስቲል በሸለቆው አዲስ የሞቀ ብረት መዳመጫ ለመትከል ቃል ገብቷል። ይህ ለባቡሩ መልካም ዜና ነው። በሌላ በኩል ክሌርተን ላይ ኦገስት 2025 የደረሰው ፍንዳታ ሁለት ሠራተኞች ገድሎ የኮክ ምድጃዎቹን ዕድሜና አደጋ እንደገና መነጋገሪያ አድርጓል። ብረት ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ከዞረ ኮክ አያስፈልገውም። ኮክ ከሌለ ከክሌርተን ብራዶክ የሚሄደው ጉዞ የለም።

ትራንስታር ሲሸጥ ከዩ.ኤስ. ስቲል ጋር የ15 ዓመት የአገልግሎት ውል አብሮ ተፈርሟል። ከዚያ ውስጥ ፋብሪካው ቢያንስ ይህን ያህል እጭናለሁ ብሎ ዋስትና የሰጠው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ሽያጩ የተጠናቀቀው በጁላይ 2021 ነበር። አምስቱ ዓመት የሚሞላው በጁላይ 2026 ነው።